የተመዘገበው ጥያቄ

«አንድ ሰው ነበረ» አሉ መምህሩ። ፊታቸው የተቀመጠው የፈጣን ባቡር ጥናት የሚመራ መሐንዲስ ነው። «ሕዝቡን ሰብስበን አወያየን፤ ጥያቄውን ሁሉ መዘገብን፤ ፈረሙልንም። ታዲያ ለምን ይጠሉናል?» ብሎ ጠይቋቸው ነበር።

ሰውየው ገበሬ ነበረ። ቤቱ ከረግረግ ዳር ነው፤ የምሥራቁ ግድግዳ ወደ ውስጥ ዘሟል። እንጨቱን ቆርጧል፣ ጭዱን ከምሯል፣ ሚስቱም ለደቦው ጠላ ጠምቃለች። ጎረቤት ተሰብስቦ ግድግዳውን ሊያቃናለት ሦስት ቀን ሲቀረው ቀያሾች መጡና ግቢው መሀል ቀይ ችካል ተከሉ። ፈጣን ባቡር በዚህ ያልፋል፤ ከዛሬ ጀምሮ መስመሩ ላይ አዲስ ቤት የሚሠራ ካሣ አያገኝም፣ በሕግም ይጠየቃል አሉ።

ስብሰባ ሲጠራ ገበሬው ተነሣ። «ጌቶቼ፣ እኔ አዲስ አልሠራም። የዘመመ ግድግዳዬን ላቃና ወይ?» አለ። ሰብሳቢው ፈገግ ብሎ፣ «ጥሩ ጥያቄ ነው፤ በቃለ ጉባኤ ይያዝ» አለ። ተያዘ። ገበሬውም ፈረመ። በጽሕፈት የገባ ነገር መልስ ሳያገኝ አይቀርም ብሎ የሚያምን ሰው ነበር። ደቦውን በተነ፤ ጠላውን ለጎረቤት አጠጣ፤ መልሱን መጠበቅ ጀመረ። ሞኝ አትበለው። ታማኝ ነበር፤ ታማኝና ሞኝ የሚለዩት መጨረሻ ላይ ነው።

ባቡሩስ ፈጣን ነው አሉ፤ ጉዳዩ ግን የሚሄደው በኤሊ እርምጃ ነበር። ለባቡሩ ገንዘብ የሚሰጠው አበዳሪ፣ ሥራው በአካባቢው ላይ የሚያደርሰው ጉዳት አስቀድሞ ይጠና አለ። ተጠንቶ ሲያልቅ አበዳሪው ሸሸ። ሌላ አበዳሪ ተገኘ፤ እሱ ደግሞ በራሴ ባለሙያዎች እንደ አዲስ ይጠና አለ። የረግረጉን እንቁራሪት የሚቆጥር መጣ፣ ውሃውን በጠርሙስ የሚቀዳ መጣ፣ ወፎቹን በመነጽር የሚያይ መጣ። ደግ አደረጉ፤ ወፍም የእግዜር ፍጥረት ነው። በመጡ ቁጥር ገበሬው ያችኑ ጥያቄ ያነሣል። «ተመዝግቧል አባቴ» ይሉታል። እንዲህ እያለ ሦስት ክረምት አለፈ።

ሚስቱ ግድግዳውን በባላ እየደገፈች፣ «አንተ ሰው፣ ዝናብ ቃለ ጉባኤ አያነብም» ትለዋለች። እሱም «ትንሽ ታገሺ፤ ኋላ እንዳይቀጡን» ይላታል። በአራተኛው ዓመት ነሐሴ፣ ጎርፍ ሊመልስ እርሻው በወረደበት ቀትር፣ ግድግዳው እሷ ላይ ወደቀ። ለደቦ የተጠራው ያ ጎረቤት ጭቃውን ቆፍሮ ሬሳዋን አወጣለት።

ጥቅምት ላይ የጥናቱ ኃላፊ ራሱ መጣ። ፊቱ በርቷል። ወፎቹ እንቁላል የሚጥሉት እዚያ ረግረግ ውስጥ መሆኑ ስለተረጋገጠ መስመሩ ከተራራው ጀርባ እንዲዞር ተወስኗል። «እንኳን ደስ አለዎት አባቴ፣ ቤትዎ ተረፈ!» አለ። ገበሬው አላለቀሰም፣ አልተሳደበም። «ያች ጥያቄዬ ምን ተባለች?» አለ ብቻ። ኃላፊው መዝገቡን ከመኪና አስመጥቶ ገለጠ። ጥያቄው ነበረ። ከአጠገቡም መልሱ አለ፤ በተጠየቀ በዘጠነኛው ቀን የተጻፈ። «ነባር ቤት መጠገን አይከለከልም። ለነዋሪው ይነገር» ይላል።

መምህሩ ይህን ብለው ወደ መሐንዲሱ ዞሩ።

«ልጄ፣ ያ ኃላፊ ክፉ ሰው አልነበረም። ክፉ ቢሆንማ ረግመነው እንገላገል ነበር። እንዳንተው ጠያቂ፣ እንዳንተው መዝጋቢ ነው። ወፎቹ አፍ ስለሌላቸው ጎጇቸው ድረስ ሄዳችሁ አያችሁላቸው። ሰውየው አፍ ስላለው የተናገረውን ጽፋችሁ ቤቱን ሳታዩ ተመለሳችሁ። ለምን ይጠሉናል አልከኝ። ያ ገበሬ ባቡር አይጠላም፤ ባቡሩን መች አየውና! የሚጠላው 'ተመዝግቧል' የምትሉትን ቃል ነው። እኔን መጠየቅህን ተውና ሂድ፣ መዝገብህን ክፈት። መልሱን ጽፈህ ያልነገርከው ሰው ይኖራል፤ ክረምቱም እየገባ ነው።»