ጠብታ ውሃ ያልነካው አርማታ

አንድ ነጋዴ ነበር፣ የገዛ ጥላውን ሳይቀር «ማን ልኮህ ነው የምትከተለኝ?» የሚል ዓይነት ሰው። ሴት ልጁን ሊድር ነውና ቤቱ ላይ ፎቅ ጀመረ። ሰርጉ እዛ አዲሱ ፎቅ ላይ እንደሚሆን ላገር ምድሩ አውርቷል። ግንበኛው ሲያቦካ ካጠገቡ አይነሳም። አሸዋውን በእጁ ያሻል፣ ፌሮውን በጥፍሩ ይፍቃል፣ ሠራተኛ ሲወጣ ኪስ ይፈትሻል። በናታችሁ፣ ሲሚንቶ በኪሱ የሚሰርቅ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እሱ ግን ይፈትሻል!

አርማታው ተሞላ። በማግስቱ ሲመጣ ግንበኛው ላዩ ላይ ጆንያ አንጥፎ ውሃ ያርከፈክፋል። ሰውዬው ደሙ ፈላ።

«አንተ! ምን እያደረግክ ነው?»

«እያጠጣሁት ነው ጋሼ። እስኪጠነክር ውሃ ይፈልጋል።»

«ሲሚንቶ ይጠጣል? ነገ ደግሞ ምሳ አምጡለት በለኛ!»

«እርስዎን ይንሳኝ፣ ካልጠጣ ይሰነጠቃል።»

«እኔን ታሞኘኛለህ? አምና ክረምት መጋዘኔ ውሃ ገብቶ ያን ሁሉ ሲሚንቶ ድንጋይ አድርጎብኛል!»

«እኛስ የምንፈልገው ምን ሆነና ጋሼ? ድንጋይ እንዲሆን አይደል?»

የሚሰማ ጆሮ የለም። «የላከህን ሰው አውቀዋለሁ!» ብሎ አባረረው። ጆንያውን ገፎ ጣለ፣ ቧንቧውን ቆለፈ፣ ወንበር አውጥቶ በዛ የበጋ ፀሐይ ዱላውን ይዞ ጥበቃ ተቀመጠ።

ሰርጉ ሲቃረብ አርማታው እንደ ደረቀ ማሳ ተሰነጣጠቀ። ሰውዬው አገር ይያዝልኝ አለ። ግንበኛውን ጎትቶ ሽማግሌ ፊት አቆመው። «ሲሚንቶዬን ሰርቆኝ ነው!»

አንዱ ሽማግሌ ጠየቁ፦ «ከተሞላ በኋላ ማን ነካው?»

«ማንም! እኔ ራሴ ነኝ ስጠብቀው የነበርኩት! ጠብታ ውሃ አላስነካሁትም!»

ሽማግሌው ወደ ግንበኛው ዞሩ። «አንተስ ምን ትላለህ?»

«ምንም አባባ። ጋሼ ጨርሰውታል።»

ሰርጉ ግቢ ውስጥ ድንኳን ሥር ሆነ፣ ከዛ ፎቅ ራቅ ተብሎ። ሰውዬው አሁንም ድንኳን ተካዩ ላይ ቆሞ «ገመዱን እንዲህ የምትወጥረው ለምንድነው?» ይላል። ሙሽራዋ ናት ያስቆመችው፦ «አባዬ፣ በሞቴ፣ ዛሬ እንኳን ተቀመጥ!»

ስሙኝ፣ ሌባ የለም አላልኩም፤ ሞልቷል! «ጠርጥር፣ ከገንፎም ይገኛል ስንጥር» ብለዋል አባቶች። ስንጥር ፍለጋ ገንፎውን ሲበትን የሚውል ሰው ግን ጦሙን ነው የሚያድረው። ሲሚንቶ ከረጢት ውስጥ እያለ ከውሃ ትጠብቀዋለህ፤ ከተሞላ በኋላ ግን ታጠጣዋለህ። ሰውም እንደዛው ነው። ሥራህን ሳትሰጠው መርምረው፣ ጠርጥረው። ከሰጠኸው በኋላ ግን እምነት ካላጠጣኸው ሥራህ ይሰነጠቃል፣ ጠባቂው ደግሞ አንተው ነህ።

እስቲ ቤታችሁን አስቡት። ቧንቧ የቆለፋችሁበት ሰው የለም?