ትኩሳቱ የማን ነበር?

አንድ ሰው አሮጌ መኪና ነበረችው። ሞተሯን የሚያቀዘቅዘው ፋን ደከመባት፤ ሲፈልግ ይዞራል፣ ሳይፈልግ ይቆማል። ሜዳ ላይ ነፋሱ ስለሚያግዛት ደህና ትሄዳለች። ዳገት ላይ ግን ትፈላለች።

መካኒኩ ማርቆስ አየለትና፣ «የፋኑ ዲናሞ ደክሟል። ተዋትና ልሥራልህ» አለው።

«ዛሬማ አይመቸኝም፤ መንገድ አለብኝ።»

«እንግዲያው ሙቀቷ ሲወጣብህ የውስጡን ማሞቂያ ክፈተው። የሞተሩን ሙቀት ወደ ውስጥ ይስብልሃል። አንተ ትቃጠላለህ፣ ሞተሩ ይተርፋል። ግን ለዛሬ ብቻ ነው፤ ነገ አምጣት።»

ነገ አመጣት? ምን በወጣው! ዘዴ ያገኘ ሰው መቼ ይጠግናል? ዓመት ሙሉ በማሞቂያ ነዳት። ሚስቱ ዘነበች «ኧረ ይቺን መኪና አሠራት» እያለች ስትጨቀጭቀው፣ «አሠርቻታለሁ» አላት። ዋሻት፤ በቃ።

ኋላ እናቱ በታይፎይድ ታመው አርባ ምንጭ ሆስፒታል ተኙ። እሳቸው እዚያ እያሉ ዘነበች ሶዶ ላይ የመጀመሪያ ልጇን ወለደች። እናትየው ድነው ሲወጡ አፋቸው ላይ ያለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «የልጅ ልጄን ልታቀፍ፤ ከዚያ ጌታ እንደ ፈቃዱ ያድርገኝ።»

ሊወስዳቸው መጣና ከኋላ አስቀመጣቸው። «መስኮቱን ዝጋልኝ፣ ነፋስ እንዳይመታኝ» አሉት። ከሕመም የተነሣ ሰው ነፋስ ይፈራል፤ ታውቁታላችሁ። ዘጋው።

ዳገቱ ሲጀምር ሙቀቷ ወጣ። ቆም ብሎ ማብረድ ይችል ነበር። ግን ቤት እንግዳ ይጠብቀዋል፤ ማሞቂያውን ከፈተው። እናትየው መኪና የሚያውቁ ሰው አይደሉም። ላብ አጠመቃቸው፣ ልባቸው ደከመ። ኋላ በቀስታ «ልጄ፣ ትኩሳቱ ተመለሰብኝ» አሉ።

እስቲ ፍረዱ። ትኩሳቱ የማን ነበር? የእርሳቸው ነበር?

«እንዲህ ሆኜማ አራስ ቤት አልገባም። ሕፃኑን በሽታ አስይዘዋለሁ። እዚሁ መንገዳችን ላይ ሁምቦ፣ እህቴ ዘንድ አውርደኝ» አሉት።

«እማዬ፣ ማሞቂያው ነው» ቢላቸው ያበቃ ነበር። አላለም። ለምን? ለዘነበች ይነግሯታል፣ ውሸቱ ይወጣበታላ። ራሱ ነው ያጫወተኝ፤ «ለእማዬ ነገ እነግራታለሁ ብዬ እኮ ነው» አለኝ። እናቱን እህታቸው ደጃፍ አወረዳቸው። ቤቱ ገብቶ ለሚስቱ፣ «እማዬን አልተሻላትም» አላት።

ሊጠይቃቸው በሄደ ቁጥር «ልውሰድሽ» ይላቸዋል። እሳቸው ደግሞ «ልጁ ይጠንክር መጀመሪያ» ይሉታል። እሱ አሁንም አይነግራቸውም። ክረምቱ ላይ ዐረፉ። የልጅ ልጃቸውን ሳይታቀፉ፣ እኔ በሽታ ነኝ ብለው ራሳቸውን እንዳራቁ ዐረፉ።

ከቀብሩ በኋላ መኪናዋን ማርቆስ ዘንድ ወሰዳት። ሥራው ከቁርስ እስከ ምሳ እንኳ አልፈጀም። አሁን ፋኑ እንደ ጉድ ይዞራል። ምን ያደርጋል?

ወገኖቼ፣ እሱን ተዉት። እናንተስ? አለቃ ሲያዋርዳችሁ «እሺ ጌታዬ» ትላላችሁ። ገበያው ሲከዳችሁ ለደንበኛ ትስቃላችሁ። እዚህ ስትመጡ «ተባረኩ፣ ተባረኩ» ነው። ትዕግሥታችሁ ለጉድ ነው! ሙቀቱ ግን የት ሄደ? ቤት ስትደርሱ ማሞቂያውን ትከፍቱታላችሁ። የእናንተ ሞተር እንዳይነካ ከኋላ የተቀመጡትን ትቀቅላላችሁ።

እኔን የሚያንገበግበኝ ደግሞ ይሄ ብቻ አይደለም። የሚያንገበግበኝ፣ የተቃጠሉት ሰዎች ሕመሙ የራሳቸው መስሏቸው መኖራቸው ነው። ሚስትህ «ምን አጥፍቼ ነው?» እያለች ራሷን ትመረምራለች። ልጅሽ «እኔ ክፉ ልጅ ነኝ» ብሎ ይተኛል። አንተ እውነቱን ታውቃለህ። አንቺም ታውቂያለሽ። እያወቃችሁ ዝም። «ጥፋቱ የእኔ ነው፣ የአንቺ አይደለም» ማለት ምላስ ይቆርጣል?

አሜን አትበሉኝ። አሜንማ እሱም ይል ነበር፣ ያውም ከፊት ወንበር ተቀምጦ። ዛሬ ቤት ግቡና ንገሯቸው፤ ጆሯቸው እየሰማ ሳለ ንገሯቸው። ቀብር ላይ ማልቀሱንማ ማን ብሎን፣ እናውቅበታለን።