መናከስ የተወው ዓሣ

አንድ ሰው ሐዋሳ ውስጥ፣ ከሐይቁ ብዙም በማይርቅ ሰፈር፣ ሳሎኑ ውስጥ ዓሣ ያኖር ነበር። የሚጠበስ ዓሣ አይደለም። በመስታወት ገንዳ ውስጥ የሚዋኝ፣ ሰማያዊ መልክ ያለው፣ ጎኑ ላይ ጥቁር ሰንበር የወረደበት ዓሣ ነው። ሲክሊድ ይባላል። ሐይቃችን ውስጥ ያለው ቆሮሶም የዚሁ ወገን ነው። ስለዚህ የሩቅ ታሪክ ልትነግረን ነው አትበሉ፤ ዘመዱን በልታችሁታል።

ይህ ሰው ደግ ነበር። አስቀድሜ የምነግራችሁ በኋላ "ክፉ ሰው ነበር" ብላችሁ እንዳትገላገሉት ነው። ከገጠር ለትምህርት የሚመጣ የዘመድ ልጅ ሁሉ ማረፊያው እሱ ቤት ነው። "እኔ ቤት ቦታ አይጠፋም" ይላል። ስለ እንግዳ ተቀባይነቱ በጉባኤ ፊት አቁመን አጨብጭበንለታል።

አንድ ነገር ብቻ አይወድም ነበር፤ ባዶ ቦታ። ባዶ ወንበር ካየ ሰው ይጠራል። ባዶ አልጋ ካየ ለዘመድ ይደውላል። የዓሣው ገንዳም ባዶ መሰለው። ሦስት ዓሣ ነበሩ፤ ስድስት ጨመረበት። ከዚያ ደግሞ እንግዶች እየመጡ "የታሉ ዓሦቹ? አይታዩም እኮ!" ሲሉት ድንጋዮቹን ሁሉ ለቅሞ አወጣ። የቀረው በግራ ጥግ የተደፋ አንድ የተሰበረ ማሰሮ ገል ነው። አሁን ሁሉም ይታያል። አሁን ያምራል።

ከዚያ ጠቡ ተጀመረ።

ሰማያዊው ዓሣ ሌሎቹን ማባረር ጀመረ። ክንፉን ይገትራል፣ ሰውነቱን ያርገፈግፋል፣ መልኩ ይጠቁራል፣ ከዚያ ይወረወራል። የአንዱን ጭራ ቀደደው፤ የሌላውን ጎን ላጠው። የሰውየው ልጅ ረድኤት፣ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ናት፣ "ሻለቃ" ብላ ስም አወጣችለት።

አንድ ቀን ከገንዳው ፊት ተቀምጣ አባቷን ጠራችው።

"አባዬ፣ ና እየው። ሻለቃ ዝም ብሎ አይደለም የሚናከሰው። ገሉ ጋ ሲመጡበት ብቻ ነው። ከዚያ ከራቁለት ይተዋቸዋል።"

"ገሉ የሱ ነው?"

"ሥሩ ያለውን አሸዋ በአፉ እየቆፈረ ሲያወጣ የከረመው እሱ ነዋ።"

አባትየው ሳቀ። "እንግዲህ ዓሣም የይዞታ ማረጋገጫ ያውጣ በይኛ!"

እሷ አልሳቀችም።

ለምን እንዳልሳቀች ልንገራችሁ። ረድኤት አንዲት ጠባብ ክፍል ነበረቻት። በመስከረም የአጎቷ ልጅ ታሪኳ ከገጠር መጣችና እዚያው ገባች። በጥቅምት ሁለት የአክስት ልጆች ተጨመሩ። አንድ አልጋ፣ መሬት ላይ ሁለት ፍራሽ፣ አራት ልጅ። ረድኤትን የጠየቃት የለም። ለምን ይጠይቃታል? የራስ ልጅ ይጠየቃል እንዴ? የሚጠየቀው እንግዳ ነው፤ ምን ትበላለህ፣ ምን ትለብሳለህ፣ በየት በኩል ትተኛለህ?

መጀመሪያ በአፏ ተናገረች። "አባዬ፣ የማጠናበት ቦታ አጣሁ።" "ተቻቻሉ" አላት። ቀጥሎ ነጠላዋን በገመድ ወጥራ በአልጋዋ ዙሪያ ጋረደችው። አባትየው በአንድ እጁ ጎትቶ አወረደው።

"በኔ ቤት መጋረጃ? ዘመድ ከዘመድ ሊከለል? ሰው ቢያይ ምን ይላል?"

ከዚያ መነጫነጭ ጀመረች። ማበጠሪያዬን ማን ነካው፣ አልጋዬ ላይ ማን ተቀመጠ። በሩን በኃይል ትዘጋለች። እናቷ ወይዘሮ ትርፌ "ይቺ ልጅ ምን ነካት?" ትላለች። አንድ ከሰዓት በኋላ ረድኤት ታሪኳን አልጋው ላይ ደብተሮቿን ዘርግታ ስታጠና አገኘቻትና ደብተሮቹን አንድ ላይ አፍሳ ግቢ ውስጥ ወረወረቻቸው። ዝናብ እየዘነበ ነበር። የልጅቷ የሦስት ወር ማስታወሻ ታጠበ።

ጥፋት ነው። ጥፋት አይደለም አላልኩም። ታሪኳ ምን በደለች?

ሽማግሌዎች ተጠሩ። ከጸሎት ቡድናችን ሦስት ሰዎች ሄዱ። ረድኤትን ሳሎን መሀል፣ ሦስቱም ልጆች እያዩ፣ ከዓሣው ገንዳ አጠገብ አቆሟት። ጋሽ ኤርሚያስ፣ እኛ ሁላችን የምናከብራቸው አባት፣ "ልጄ፣ ይሄ የቁጣ መንፈስ ነው" አሏት። እጅ ጭነው ጸለዩላት። ቁጣውን ገሠጹት። ስንት ደቂቃ እንደጸለዩ የሚያስታውስ አለ። "የት ነው የምትተኚው?" ብሎ የጠየቀ ግን የለም። ክፍሉ ከቆሙበት ሰባት እርምጃ ነው። ገብቶ ያየ የለም።

በሳምንቱ አባትየው ዲላ እህቱ ጋ ላካት፤ "እስክትስተካከል" ብሎ። ያን ሳምንት ሻለቃ አንዱን ዓሣ ገደለ። እሱንም አወጣው፤ የአየር ቱቦ ሰዶ ባልዲ ውስጥ ጨመረው። ሁለቱን ጠበኞች በአንድ ሳምንት አስወገደ። ቤቱም ገንዳውም ጸጥ አለ። እሑድ መጥቶ ስለ ቤቱ ሰላም ምስክርነት ሰጠ። ምን አልን? አሜን አልን።

ጸጥታው አንድ ወር አልቆየም። ቢጫው ዓሣ፣ ማንንም ነክቶ የማያውቀው፣ ገሉ ሥር ገባ። ክንፉን ገተረ፣ ተርገፈገፈ፣ ተናከሰ። አባትየው ግራ ገባው። እናንተስ? የቁጣ መንፈስ ከዓሣ ወደ ዓሣ ይተላለፋል?

ዓሣ የሚያረባ ዳንጊሶ የሚባል ሰው አለ፤ ወደ እሱ ሄደ። ዳንጊሶ ብዙ የማያወራ ሰው ነው፤ እያወራ መረብ ይጠግናል።

"ስንት ናቸው?" አለው።

"ስምንት ቀሩ። አንዱ ባልዲ ውስጥ ነው።"

"ገንዳው?"

ሰውየው በክንዱ ለካለት።

"ድንጋይስ አለው?"

"አወጣሁት። እንግዳ ሲመጣ ዓሦቹ አይታዩም።"

ዳንጊሶ መረቡን አስቀመጠ። "ጋሼ፣ ዓሣዎቹ የሚኖሩት ለእንግዳ ነው ወይስ ለራሳቸው?"

"ክፉ ዓሣ ገጥሞኝ ነው እንጂ..."

"ክፉ ዓሣ አልገጠመህም። ወንዱ ሲክሊድ ለመራባት አንድ ቦታ ይይዛል። ያቺን ቦታ ካጣ ምንም የለውም። ሌላው ሲጠጋበት መጀመሪያ በመልኩ ይነግረዋል፣ ከዚያ በክንፉ፣ ከዚያ በመርገፍገፍ። መናከስ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። ሦስት ጊዜ ሲናገር አልሰማኸውም። ሸሺውስ የት ይግባ? ድንጋይ የለ፣ ስንጥቅ የለ፤ ቀኑን ሙሉ ዓይን ለዓይን። አንዱን ስታወጣ ሌላው ተተካ። አንተ ዓሣ ትቀያይራለህ፤ ገንዳው ያው ነው።"

ደግ ሰው ነው ብያችኋለሁ፤ ነገሩ ገብቶታል። ስለ ዓሣው ብቻ ግን ነው የገባው።

ድንጋዮቹን መለሰ። ትልቅ ገንዳ አሠራ። ዋሻ አበጀ፣ ማዕዘን ከማዕዘን እንዳይተያይ አድርጎ ደረደረ። ለዓሣ! ከዚያ ውኃው ሲረጋ፣ ቢጫውና ሌሎቹ ቦታ ቦታቸውን ሲይዙ፣ ሻለቃን ከባልዲው አውጥቶ መለሰው።

ሻለቃ አልተናከሰም። ወደ ገሉ አልሄደም። ውኃ ማጣሪያው ጀርባ ገብቶ፣ ጭንቅላቱን ወደ ጥግ አዙሮ ቆመ። መልኩ ገርጥቷል። ቢጫው መጥቶ ሲነክሰው እንኳ ክንፉን አልገተረም።

"ተገራ!" አለ ሰውየው። ወይዘሮ ትርፌን ጠርቶ አሳያት። "አየሽ? አደብ ገዛ።"

በአራተኛው ቀን ሻለቃ ሞቶ ተገኘ።

ሰውየው እንደገና ዳንጊሶ ጋ ሄደ፤ አሁን ተቆጥቶ። "ያልከኝን ሁሉ አድርጌ ነው የሞተብኝ!"

"ከገንዳው ወጥቶ ምን ያህል ቆየ?"

"ሁለት ወር።"

"በሁለት ወር ቦታው ተከፋፍሏል፣ ጋሼ። የሱ የሚባል አልቀረም። ባዳ ሆኖ ነው የተመለሰው።"

"ግን እኮ ጨዋ ሆኖ ነበር! አንድም አልነከሰም!"

"የሚጠብቀው ነገር ሳይኖረው ምኑን ብሎ ይናከሳል?"

ሰውየው የሚቀጥለውን ቃል አልጠበቀም። ተነሥቶ ወጣ። በበነጋው አናጢ አስመጣ። ከሳሎኑ ሰፊ ቦታ ቆርሶ፣ በኮምፔንሳቶ ከልሎ፣ በርና ቁልፍ ያለው ክፍል አሠራ። ጠረጴዛ አስገባ። እንግዶች የሚቀመጡበትን ትልቁን ሶፋ አስወጣ። ከዚያ ዲላ ሄዶ እህቱ ግቢ ውስጥ ልጁን አገኛት።

"ረድኤቴ፣ ክፍል ሠርቼልሻለሁ። ነይ ወደ ቤትሽ።"

"እሺ አባዬ" አለችው። "ለፋሲካ እመጣለሁ። አመሰግናለሁ።"

አመሰግናለሁ። ልብ በሉ ይህችን ቃል። ልጆቻችሁ ክፍላቸው ሲገቡ ያመሰግኗችኋል?

የፋሲካ ዕለት የግቢው በር ተንኳኳ። ታሪኳ ሄዳ ከፈተች። ረድኤት ነበረች። የዚያ በር ቁልፍ አላት፤ ዲላ ይዛው ሄዳ ነበር። ግን አንኳኳች። ገባች፣ ሁሉንም ሳመች፣ ታሪኳን ስለ ደብተሮቹ ይቅርታ ጠየቀቻት፤ ታሪኳ አለቀሰች። ከዚያ በሩ አጠገብ ካለችው ወንበር ላይ ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ነይ ወደ ውስጥ ሲሏት "እዚህ ይመቸኛል" አለች። የቀረበላትን በላች። "አይበቃሽም፣ ጨምሪ እንጂ" ሲሏት "በቃኝ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ" አለች።

አባትየው እጇን ይዞ ክፍሉን አሳያት። በሩን፣ ቁልፉን፣ ጠረጴዛውን። ዞራ አየች።

"ያምራል። ማን ነው የሚተኛበት?"

"አንቺ ነሻ!"

"ለታሪኳ ይሁናት አባዬ። ዘንድሮ ተፈታኝ እሷ ናት። እኔ አክስቴ ጋ ለምጃለሁ።"

ቁጣ የለም። ኩርፊያ የለም። አንድም ክፉ ቃል የለም። ቢኖርማ እንዴት ደስ ባለው!

ጋሽ ኤርሚያስ ለእንኳን አደረሳችሁ ብቅ ብለው ነበር። ልጅቷን አይተው ፊታቸው በራ። "ተመስገን! ጸሎታችን ተሰማ! እንዴት ያለች ጨዋ ልጅ ሆነች! ሌላ ሰው ሆናለች እኮ!"

"አዎ" አለ አባትየው፤ "ሌላ ሰው ሆናለች።" አላስችል ብሎት ወደ ጓሮ ወጣ። ሰው ሁሉ የደስታ እንባ መሰለው። ምስኪን፣ ይህን መልክ ያውቀዋል። ማጣሪያው ጀርባ አይቶታል።

በማግስቱ ልጅቷ ተመለሰች። ክፍሉን አሁን ታሪኳ ትጠቀምበታለች። ለዘመድ ሁሉ ቦታ ያለው ያ ቤት አንዲት ልጅ ነበረችው፤ እሷ እንግዳ ሆነች። አልታረቁም ማለት አይደለም። ታርቀዋል። በየበዓሉ ትመጣለች፣ ታንኳኳለች፣ ታመሰግናለች።

አሜን አትበሉ፤ ገና ነኝ።

እኛ ጠበኛ ሰው ሲገጥመን የምናውቀው ሁለት ነገር ነው፤ መገሠጽና ማስወጣት። ከሠራተኞች መሀል አንዷ ተነጫነጨች፣ አስወጧት። ከዘማሪዎች አንዱ ቦታዬን ተነካሁ አለ፣ ትዕቢት ነው። ቦታው ግን ተነክቶ ነበር? ማን ሄዶ አየ? አንዲት ምራት ጓዳዋን ማንም እንዳይገባባት ብላ ስትቆጣ "ስስታም" እንላታለን። በዚያ ቤት ውስጥ የሷ የሆነ ነገር ከጓዳው ሌላ ምን አላት? ጠይቃችኋል? እኔ አልጠየቅሁም፤ እናንተም አልጠየቃችሁም።

ደግነት ከራሳችሁ ኪስ ይውጣ። ከልጃችሁ አልጋ ቆርሳችሁ ለእግዚአብሔር ሰጠን አትበሉ። እሱ አልጠየቃችሁም።

ቤታችሁ ውስጥ የሚጮኽ ሰው ካለ፣ አዎ ያደክማል፣ አዎ ያሳፍራል። እኔ ግን የምፈራላችሁ ስለሱ አይደለም። የሚያስፈራኝ ድሮ ይጮኽ የነበረና አሁን ዝም ያለው ነው። ማን ነው እሱ? አሁን አስቡት፣ እዚሁ ተቀምጣችሁ። መቼ ነው ዝም ያለው? ዝም ሲል ምን አላችሁ? ተመስገን አላችሁ?

ዛሬ ከዚህ ወጥታችሁ ቤታችሁ ስትደርሱ፣ ልጃችሁ በሩን በኃይል ዘግቶ ቢገባ፣ ግድግዳው ቢንቀጠቀጥ፣ አትቆጡ። ተከትላችሁ ሂዱና ከበሩ ውጭ ቆማችሁ ምን እንደነኩበት ጠይቁት። በሩን የሚደበድበው ቤቱ ስለሆነ ነው። ያቺ ልጅ እኮ አሁን በቀስታ ነው የምታንኳኳው።