የዘርጋው ሠላሳ ተቀባዮች

ተረት ላውጋችሁ? «አውጋን!» በሉኛ! እንዲያ ነው።

በድሮ ዘመን፣ ገና ባልተወለደች አይጥ ገላ ውስጥ፣ ዘርጋው የሚባል የነርቭ ሕዋስ ነበር። ከጀርባ አጥንቷ አጠገብ ተቀምጦ፣ ቀጭን ክንዱን እስከ እግር ጣቷ ይዘረጋል። እዚያ እሜቴ ቆዳ ይኖራሉ። ማሳደጊያ የሚባለውን ድርጎ ለነርቮች የሚሰፍሩት እሳቸው ናቸው፤ እሱን ያጣ ነርቭ አይሰነብትም። ደጅ ጠኚው ግን ብዙ፣ ድርጎው ጥቂት ነው።

ድርጎውን የሚረከበው፣ በክንድ ጫፍ የሚቆም ተቀባይ የሚባል አሽከር ነው። ዘርጋው የመጀመሪያውን ሲቀጥር አሽከሩ እጅ ነሣና፣

«ጌታዬ፣ ውሌን ይስሙኝ። እጄ ሲሞላ ‹ይኑሩ!› እላለሁ፤ ባዶውን ሲቀር ‹ይሙቱ!› እላለሁ። ያልኩት ደግሞ ይሆናል» አለው።

«የኔ አሽከር እጅ ምን ሲደረግ ባዶ ይሆናል!» ብሎ ዘርጋው ሳቀ።

በመጀመሪያው ቀን አንድ ጉርሻ መጣለት። ተቀባዩ «ይኑሩ!» አለ፤ ዘርጋውም ኖረ። ግን ጎረቤቱ ጥግነህም በአንድ ተቀባይ አንድ ጉርሻ አግኝቶ ነበርና አንገበገበው።

«እኔ ከጥግነህ እኩል ልቆጠር?» አለና ተቀባዮቹን ዐሥር አደረጋቸው።

በሁለተኛው ቀን ስድስቱ «ይኑሩ!» ሲሉ አራቱ «ይሙቱ!» አሉ። ዘርጋውን ቁርጠት ያዘው።

«ወንድሜ፣ አሽከሮችህን ቀንስ እንጂ» አለው ጥግነህ።

«ምቀኛ! አጀብ የሌለው ስለ አጀብ ምን ያውቃል?» አለና ሠላሳ አደረጋቸው። ሲያያቸው ደስ አሉት፤ ግርማ ሞገስ ማለት ይኸው ነው አለ።

በሦስተኛው ቀን እሜቴ ቆዳ ወጡና አጀቡን ከዳር እስከ ዳር አዩት።

«ልጄ፣ እኔ የምሰፍረው በጓዳዬ ልክ እንጂ በአጀብህ ልክ አይደለም» ብለው አምስት ጉርሻ ሰጡት።

አምስቱ «ይኑሩ!» አሉ። ሃያ አምስቱ በአንድ ድምፅ «ይሙቱ!» አሉ። ዘርጋው ክንዱ ዛለበት፤ ያን ጊዜ ፈራ።

«ዝም በሉ! እንጀራዬን እየበላችሁ?»

«የቱን እንጀራ፣ ጌታዬ?»

«እንግዲያው ተበተኑ! አሰናብቻችኋለሁ!»

«ኧረ ምን በወጣን! እኛ እንደ ሌላው አሽከር ከዳተኞች አይደለንም። ቃላችንን አናጥፍም» አሉና አሁንም «ይሙቱ!» አሉ።

ዘርጋውም ክንዱን ሰብስቦ፣ ራሱን አጣጥፎ ሞተ። ጌታ ሲሞት አሽከር የት ይቆማል? ሠላሳውም «እንዴት ያለ ታማኝነት ነው!» እየተባባሉ አብረውት ጠፉ።

ጥግነህ ከልቡ አለቀሰ። ከዘርጋው የተረፈውንም ጉርሻ እያለቀሰ ዋጠው። አይጢቱ ተወለደች፤ በጣቷም መሬቱን ዳሰሰች። ዘርጋው የሚባል እንደነበር የነገራት የለም።

እኔ ይኸን ሰጠኋችሁ፣ እናንተ ምርቃት ስጡኝ። ልብ በሉ፦ አጀብ ከማብዛት ሌማቱን ማየት ይቅደም፤ ባዶ እጁን የቆመ አሽከር ጌታውን ይቀብራል።