የእልልታ ጨው

በዚያ ሸለቆ ሕግ አልነበረም የሚል ካለ ተሳስቷል። ሕግ ነበረ፤ አንድ ብቻ ነበረ። አንበሳው ሲናገር እልል ይባላል። አንበሳው ደግሞ በየማለዳው ይናገራል።

የሚናገረው ከወንዙ ዳር ካለው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ሆኖ ነው። በበጋ ሌላው ውሃ ሁሉ ስለሚደርቅ፣ የጠማው ሁሉ በዚያ ድንጋይ ሥር ማለፍ ነበረበት። ስለዚህ አንበሳው ለአደን ብዙ አይደክምም። ንግግሩን ይጨርሳል፤ እንስሳቱ እልል ይላሉ፤ ወደ ውሃው ይወርዳሉ፤ ከወረዱት አንዱ አይመለስም። ይህም የውሃ ግብር ይባል ነበር።

እልልታውን ያስለመዳቸው አማካሪው ቀበሮ ነው። አለንጋ አላነሳም። መጀመሪያ እልል ላለ ሁሉ የጨው ድንጋይ አስላሰ። ሸለቆው ጨው የተራበ ነበርና እልልታው ደመቀ። ቆይቶ ጨዉን አንዳንድ ቀን ብቻ ያመጣ ጀመር። ዛሬ አለ፣ ነገ የለም፣ ከነገ ወዲያ ማን ያውቃል። እልልታው ይቀንሳል ያሉ ነበሩ። ባሰበት እንጂ። «ጨው የቀረብን ድምፃችን ስላነሰ ነው» እየተባባሉ ጉሮሯቸው እስኪደርቅ ጮኹ። በመጨረሻ ቀበሮ ጨዉን ጨርሶ ተወው። መተዉን ልብ ያለ አልነበረም።

ከሁሉ ታማኝ ተብሎ ፊት የሚቆመው ከርከሮ ነው፤ ምክንያቱም ይንበረከካል። የሚንበረከከው አንገቱ አጭር ስለሆነ ነው። ሣር ሲግጥም ውሃ ሲጠጣም የፊት ጉልበቱን አጥፎ ነው፤ አባቱም እንዲሁ ነበር። ቀበሮ ግን ለሌሎቹ እያሳየ፣ «ይህን ተመልከቱ! መሪን ማክበር እንዲህ ነው!» ይላል። ከርከሮው ሣሩን ያኝካል።

የመጀመሪያ ልጁን የውሃ ግብር ወስዶበታል። ባለፈው በጋ ነው። በማግስቱ ማለዳ ከቦታው ተገኝቶ እልል አለ። ሁሉም አለ፤ እሱም አለ። ከዚያ በኋላ የተወለደለትን ማስረሻ አለው። ስሙ ግን ሥራውን አልሠራም። ዘንድሮ ማስረሻ ጡት ጥሏል፤ በጋውም ገብቷል። ወደ ውሃው መውረዱ አይቀርም።

አንድ ማለዳ አንበሳው ስለ ወንዙ ባለቤትነት እየተናገረ ሳለ አፍንጫው ውስጥ አቧራ ገባና አነጠሰ። ከኋላ ታንቀላፋ የነበረችው ጦጣ ንግግሩ ያለቀ መስሏት እልል አለች። ሁሉም ተከተላት። በማግስቱ አንበሳው ከዚያው ንግግር ላይ ሲደርስ አነጠሰ። በሠልስቱ ደጋገመው።

«እንኮዬ ጦጢት፣ አየሽው?» አላት ከርከሮው ጠጋ ብሎ።

«ምኑን?»

«ሲያነጥስ እልል አልነው። አሁን እልል እንድንለት ያነጥሳል።»

«ጉንፋን ይዞት ይሆናላ።»

«ጉንፋን የያዘው አንጥሶ አፍንጫውን ይጠርጋል። ይሄ አንጥሶ ቀና ብሎ ያየናል።»

ጦጣ ጭራዋን ይዛ ትንሽ አሰበች። «እና ያንን ሁሉ ጥፍር ያስለመድነው እኛ ነን በለኛ!»

አንበሳው ቀትር ላይ ስለሚተኛ፣ ቀትር ላይ ከሾላው ሥር ተሰበሰቡ። ከርከሮው ንግግር አያውቅበትም፤ አሳጠረ።

«የሱ ጨው የኛ እልልታ ነው። ከድንጋዩ በስተጀርባ ወዳለው ተራራ ሲራመድ እንስጠው። ወደ ውሃው ሲመለስ እንንሳው።»

«ልጄ፣ ዝም ካልነው ይበላናል» አለ ሽማግሌው ኤሊ።

«እልል ስንለውስ ምን ያደርገናል፣ አባ ኤሊ?»

ኤሊ አንገቱን ወደ ውስጥ ሰበሰበ።

«የኔ አፍ እኮ ፀሐይ ስትወጣ ራሱ ነው የሚከፈተው» አለ ጃርት። «ቢያመልጠኝስ?»

«እሾህህን ንከስ» አለችው ጦጣ። ተሳሳቁ።

«እኔ ደግሞ የምጮኸው ሁሉ ካበቃ በኋላ ነው» አለ ኤሊ ከውስጥ ሆኖ። «ምን ይሻለኛል?»

«እርስዎ ይቅርብዎ፣ አባ» አለችው ጦጣ።

«አንድ ነገር ልንገራችሁ» አለ ከርከሮው። «መጀመሪያ ይብስበታል። ማስረሻ ጡት ሲከለከል የተወው ወዲያው አይደለም። እንደዚያ ሰሞን ጮኾ አያውቅም። እናቱ አንዴ ብትራራለት ኖሮ ዛሬም ይጠባ ነበር።»

በማግስቱ አንበሳው ተናገረ፤ አነጠሰ፤ ቀና ብሎ አየ። ዝም። ደግሞ አነጠሰ። ዝም።

«ጌታችን አንጥሰዋል!» ብሎ አወጀ ቀበሮ፣ ያልሰማ ካለ ብሎ።

ዝም። አንበሳው አገሳ። ቅጠል ረገፈ። እያገሳ ለማንጠስ ሞከረና ትን አለው። ጃርት እሾሁን ነክሶ ዓይኑን ጨፈነ። ያኔ አንበሳው ከድንጋዩ ዘሎ ወረደና ከርከሮው ፊት ቆመ። ማስረሻ ከአባቱ ሆድ ሥር ነበር።

«አንተ ታማኙ! ልጅህ አፍ የለውም?»

«አለው፣ ጌታዬ።»

«ታዲያ?»

የአንበሳው ትንፋሽ የልጁን ጀርባ ጠጉር ያርገበግበዋል። እልልታው ከከርከሮው ጉሮሮ ድረስ መጥቶ ቆሟል። አንድ ጊዜ ቢለቀው ልጁ ዛሬን ይተርፋል። ነገን ግን አይተርፍም። ዋጠው።

አንበሳው ከፊተኛው የበለጠ ሊያገሳ ፈለገ። ለዚያ ቦታ ያስፈልገዋል። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ፤ ከኋላው ተራራው ነው።

እልልታው ሸለቆውን አናወጠው። አንበሳው ደንግጦ አፉን ከፍቶ ቀረ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ እግሩን አየ።

ከዚህ በኋላ የቀረው ትዕግሥት ብቻ ነበር። አንድ እርምጃ ሲለምድ ሁለት ካልሆነ እልልታ ነፈጉት። እስከ ግራሩ አደረሱት፤ ከግራሩ እስከ ዳገቱ። ቀበሮ ከኋላ ከኋላ እየሮጠ፣ «ጌታችን ሕዝባቸውን ከከፍታ ሊያዩ ፈቅደዋል» እያለ ያብራራል። ክረምት ሳይገባ አንበሳው ከተራራው ጫፍ ላይ ሆኖ ለነፋስ የሚናገር ሆነ። ከጀርባ ምንጭ አገኘ፤ ከገደሉ ሽኮኮ አገኘ። ሽኮኮዎቹ ስለ ጉዳዩ አልተጠየቁም።

ማስረሻም ወንዝ ወርዶ ተንበርክኮ ጠጣ። አባቱ ከጎኑ ቆሞ፣ ልጁ ጠጥቶ እስኪጠግብ ዓይኑን አልነቀለም።

አንድ ማለዳ ፀሐይ ስትወጣ፣ ማንም ሳይጠራቸው፣ እንስሳቱ ሁሉ ከጠፍጣፋው ድንጋይ ፊት ተገኙ። እግራቸው ነው ያመጣቸው። ድንጋዩ ባዶ ነበር። እርስ በርስ ተያይተው አፈሩ፤ ግን የሄደ የለም።

ቀበሮ የተራራው ብርድ አልተስማማውም ነበርና ወርዶ መጣ። ከድንጋዩ ላይ ወጣ። ጨው አልያዘም። አንድ በአንድ አያቸው። ከዚያ አነጠሰ።

እልል አሉ። አባ ኤሊ እንኳን ዛሬ በሰዓቱ ደረሰ።

ከርከሮው ከሁሉ ቀርቦት የሚጮኸው ማን እንደሆነ ለማወቅ ግራ ቀኙን አየ። አፉን ሲዘጋ ድምፁ ቆመ።

ማስረሻ ከውሃው ቀና አለ። አገጩ ይንጠባጠባል።

«አባዬ፣ ለምንድን ነው እልል ያልከው?»

የከርከሮው ጉሮሮ ከጩኸቱ ደርቆ ነበር። ውሃ ሊጠጣ ጉልበቱን አጠፈ።

«ይህን ተመልከቱ!» አለ ቀበሮ ከድንጋዩ ላይ።