የበጓና የላቷ ኩርፊያ

ተረት ተረት ልበላችሁ፤ የሚሰማ ጆሮ ስጡኝ።

ከዕለታት አንድ ቀን አንዲት በግ በላቷ ተናደደች። "ቀኑን ሙሉ ስግጥ የምውለው እኔ፣ የምትወፍረው አንተ። የጋጥኩት ሁሉ ወደ አንተ ይሄዳል" አለችው።

ላቷም "እሜቴ፣ እኔ ባልኖር ማን ዞር ብሎ ያይሽ ነበር? እንዲያውም የቆሸሽኩት አንቺን ስከተል ነው" አላት።

ተኮራረፉ። በዚያው ዓመት ዝናብ ቀረና ሣሩ አለቀ። በጓ ለብዙ ቀን ምንም ሳትቀምስ ሰነበተች። ዛሬ እሞታለሁ፣ ነገ እሞታለሁ ስትል አልሞተችም። ላቷ ግን ከቀን ወደ ቀን ከሳ።

"ምን እየበላሽ ነው የቆምሽው?" አላት።

"እኔም አላወቅሁም። አንተንስ ማን በላህ?"

"እኔም አላየሁም።"

ዝናቡ ሲመለስ መስኩ ለመለመ። በጓ አጎንብሳ አንድ ጉርሻ ሣር ነጨችና ሳትውጠው ቆመች። ዞር ብላ ብታይ ላቷ እንደ ገመድ ቀጥኗል።

"አሁን ይሄን የምበላው ለማን ነው?" አለችው።

ላቷም "ብቻ ዋጪው" አላት።

ተረቴን መልሱልኝ፤ በዳዩን ግን እኔም አልለየሁትም።