የደረቀው ኩሬ ሙግት

አንድ ጊዜ፣ ዝናብ ቀርቶ መሬቱ በተሰነጣጠቀበት ዓመት፣ አያ አንበሶ በአገሩ ላይ አዋጅ አስነገረ። በዚያ ሰሞን ከውሃ ይልቅ ወሬ በዝቶ ነበር። አንዱ «ወዲያ ማዶ ሣር በቅሏል» ይላል፤ ሌላው «ከተራራው ሥር ዘንቧል» ይላል፤ እንስሳቱም ያመኑትን ተከትለው ሲንከራተቱ ጉልበታቸው አለቀ። አንበሳ ይህ ቢያስመርረው «ያልሆነውን ሆነ ያለ ለጅብ ይሰጥ!» አለ። አዋጁ አጭር ነው፤ አጭር አዋጅ ደግሞ ለማስታወስ እንጂ ለመፍረድ አይመችም። አያ ጅቦ ግን ከአያት ከቅድመ አያቱ ጀምሮ እንዲህ ያለ መልካም አዋጅ ሰምቶ አያውቅም።

አህዪት የመጣችው በዚህ መሃል፣ አንድ ማለዳ ነው። ከገደሉ ማዶ የነበረ ኩሬ አግኝታ፣ እስክትረካ ጠጥታ፣ በየመንገዱ ሣር እየነጨች አራት ቀን ስትንቀረፈፍ ቆይታ ደረሰች። እንደደረሰችም «እሰይ፣ አትጨነቁ፤ ከገደሉ ማዶ ኩሬ አለ» አለቻቸው። በአራት ቀን ፀሐይ ምን እንደምትሠራ አላሰበችም። አህያ መቼም የጠጣችው ውሃ እዚያው የሚጠብቃት ይመስላታል።

እንስሳቱ ግን አመነቱ። በተለይ ፍየል ግልገሏ ደክሞባት ስለነበር «መንገዱ ሩቅ ነው፤ ባናገኝስ?» አለች።

አያ ጅቦ ይህን ጊዜ ጉሮሮውን ጠረገ። «እኔም ትናንት በዚያ አልፌ ነበር። ሞልቶ ይፈሳል፤ ምን ታመነታላችሁ?»

ሁለት ምስክር ከተገኘ ምን ቀረ? በዚያው ማለዳ ከነአንበሳው ተነሥተው ሄዱ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ደረሱ። ኩሬው ግን አሸዋና የተሰነጣጠቀ ጭቃ ብቻ ሆኖ ጠበቃቸው። የፍየል ግልገል እግሩ ከዳው፤ ዳር ላይ ተኛ፤ አልነሣም አለ።

አያ ጅቦ ጊዜ አላጠፋም። አንበሳ ከኩሬው ዳር ካለው ዋርካ ሥር ገና ሳይቀመጥ ከፊቱ ቆመ። «ጌታዬ፣ አህዪት ኩሬ አለ አለች፤ ኩሬ የለም። ሙግቱ አለቀ፤ ትሰጠኝ።»

«ምን ትመልሻለሽ?» አላት አንበሳ።

አህዪት ወደ ግልገሉ ዞረች። ያለችው አልሆነም፤ ታዲያ ዋሽታ ይሆን እንዴ? ልቧን ብትመረምር ውሸት አጣችበት፤ ኩሬውን ብትመለከት ውሃ አጣችበት። ባሏ ከኋላ ቆሞ መሬት መሬት ያያል፤ የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም የተባለው ለእንዲህ ያለው ቀን ነው። «እንግዲህ ያልሆነ ነገር ተናግሬያለሁ» አለች በመጨረሻ። ጅብ ምራቁን ዋጠ።

ያን ጊዜ ቀበሮ ብድግ አለች። ለአህያ አዝና እንዳይመስላችሁ። በዚህ አዋጅ ዛሬ አህያ ከተበላች፣ ነገ የእሷ ተራ እንደሆነ ታውቃለች፤ ያልሆነውን ሆነ ስትል የኖረችው ቀን ተቆጥሮ አያልቅማ።

«ጌታዬ፣ ዳኛ ያልሆነውን ሁሉ በአንድ ከረጢት አይከትም» አለች። «ዛሬ በመንገዳችን ላይ ጦጣ ኩሬውን ‹ባሕር ያህላል› ብላ ስታወራ አጋነነች። ቆቅ ሳታይ ‹አለ አሉ› ስትል አሉባልታ አቀበለች። አህያ ደግሞ የነበረውን አሁንም ያለ መስሏት ተሳሳተች። የቀረው አንድ ጥያቄ ነው፦ አለመኖሩን እያወቀ አለ ያለ ማን ነው? ውሸታም እሱ ነው።»

«ይህንስ በምን እናውቃለን?» አለ አንበሳ።

ቀበሮ ወደ ጅብ ዞረች፤ አንገቷንም በትሕትና ሰበር አደረገች። «አያ ጅቦ፣ እንዳንተ ያለ እማኝ ከየት ይገኛል። ምናልባት ኩሬው የደረቀው ዛሬ ጠዋት፣ እኛ መንገድ ላይ ሳለን ቢሆንስ? እንዲያ ከሆነ አህዪት በነጻ መሄዷ ነው።»

ጅብ ራቱ ከአፉ ሲነጠቅ ታየው። «የምን ዛሬ ጠዋት! ትናንት ሳልፍ ድርቅ ብሎ አይደል እንዴ? በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ!»

እንስሳቱ ሁሉ ወደ ጅብ ዞሩ።

«ታዲያ ዛሬ ማለዳ ‹ሞልቶ ይፈሳል› ያልከን ምን ቢሆን ነው?» አለች ቀበሮ ቀስ ብላ።

«እሱማ... እንድትነሡ ብዬ ነዋ። ሩቅ መንገድ ከሄዳችሁ መቼም ደክሞ የሚቀር አይጠፋም» አለ ጅብ፤ ዓይኑም ሳይታወቀው ወደ ግልገሉ ሄደ። ፍየል ይህን ስታይ ልጇን በአካሏ ከለለችው።

አንበሳ ከዋርካው ሥር ተነሣ። «ለጅብ ይሰጥ እንዳልል ጅቡ አንተው ነህ። ከአገሬ ውጣ» አለው። ጅብም እያነከሰ ወጣ፤ ምን እንዳጠፋ ግን እስከ ዛሬ አልገባውም።

ሁሉም አህዪትን «እንኳን ከዚህ አወጣሽ» አሏት። እሷ ግን ደስታው አልዋጥላት አለ። ወደ ፍየል ሄዳ «እቴ፣ አልዋሸሁም፤ ግን ልጅሽን እዚህ ያደረሰው የእኔም ቃል ነው። ይቅር በዪኝ» አለች። መልስ አልጠበቀችም። አራት ቀን ቀደም ብላ ጠጥታበት ከነበረው ከኩሬው መሃል ገባችና አሸዋውን በሰኮናዋ ትምስ ጀመር።

«ውሃ አለው?» አለች ፍየል።

«እንጃ፣ እህቴ» አለች አህዪት። «ያለው ይመስለኛል፤ አላየሁም።»

ጉልበቷ ድረስ ማሰች። አሸዋው ጠቆረ፤ ቀጥሎ ራሰ፤ ከብዙ ድካም በኋላም እፍኝ የምትሞላ ድፍርስ ውሃ አቆረች። አንበሳ ንጉሥ ቢሆንም ወደኋላ ቆመ፤ በመጀመሪያ የጠጣው ግልገሉ ነው።

ከዚህ የምንማረው ያልሆነ ነገር የተናገረ ሁሉ ውሸታም እንዳልሆነ፣ ልቡ እያወቀ ያታለለ ግን ውሸታም እንደሆነ፣ የተሳሳተም ቢሆን ስህተቱን አምኖ የጎዳውን መካስ እንዳለበት ነው።